ለላቭራክ የሚሆን ማጠንጠኛና አስመሳይ ዓሣ እንዴት ይመረጣል?

በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው። ከዓሦችም ላቭራክ ስለሚባለው የባሕር ዓሣ፣ እሱን ለመያዝ ስለሚያስፈልገው የክር ማጠንጠኛና መንጠቆ ስለሚሸከመው አስመሳይ ዓሣ እንነጋገራለን።

«እኛ ገና ከኡልፓን አልወጣን፣ ሥራ አልያዝን፣ ዓሣ ማጥመድ ምን ያደርግልናል?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በናታንያ፣ በሐዴራና በሃይፋ ለሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን ባሕሩ በእግር ወይም በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ነው። ልጆቻችን ጓደኞቻቸውን አይተው ወደ ባሕር መውረዳቸው አይቀርም። ልጅ ብቻውን ከሚወርድ ከአባቱ ጋር ቢወርድ ይሻላል። የማያውቁትን ዕቃ በውድ ዋጋ ከመግዛትም ዐውቆ መግዛት ይሻላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከስሬ ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት አንዱ ነኝ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የ12 ዓመት ልጄ «አባዬ፣ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ከአባታቸው ጋር ዓሣ ያጠምዳሉ፤ እኛስ?» አለኝ። ተያይዘን አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ በዕብራይስጥ ይናገራል፣ ልጄ ያስተረጉማል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሻጩ ትልቅ፣ የሚያብለጨልጭ ማጠንጠኛ አወጣና «12 ኩሽኔታ አለው» አለ። ልጄ ቃሉን ተረጎመልኝ እንጂ ዕቃውን አያውቀውም። እኔም አላውቀውም። አላውቅም ማለት አፍሬ ከፈልኩ።

ባሕር ስንደርስ ልጄ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ክንዱ ዛለ። ለካስ ዕቃው በጀልባ ላይ ተቀምጦ ከጥልቅ ውኃ ለሚያጠምድ ሰው የተሠራ ነበር። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በመንገድ ላይ ልጄ አንድም ቃል አልተናገረኝም።

ቤት ስንገባ አባቴ ዕቃውን ተቀበሉን። አባቴ በአገር ቤት ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለ እጅ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ሐኪም ቤት ሲሄዱም፣ ባንክ ሲሄዱም የልጅ ልጃቸው አፍ ጠባቂ ሆነዋል። ማጠንጠኛውን አንድ ጊዜ አዞሩት። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። እጀታውን ይዘው ነቀነቁት። ከዚያም «ይህ ለዚህ ልጅ ክንድ አልተሠራም» አሉ።

በሌላ ቀን ሦስታችን ወደ ሌላ ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቁ አራት ማጠንጠኛ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። አባቴ አንዲት የዕብራይስጥ ቃል ሳይናገሩ እያንዳንዱን አዞሩ፣ አዳመጡ፣ ነቀነቁ፣ አንዱንም መረጡ። በዋጋ ከርካሾቹ ሁለተኛው ነበር። ባለ ሱቁ ሳቀና ለልጄ «አያትህ ብረት ያውቃሉ» አለው። ልጄ ይህን ሲተረጉም ድምፁ እንዴት እንደ ተለወጠ ዛሬም አልረሳውም። ማጠንጠኛው ብዙ ክረምት አገልግሎናል።

ውድ አድማጮች፣ በቋንቋ ልጆቻችን ቢቀድሙን አያሳፍርም። ዕቃ ለመመርመር ግን እጅና ዓይን ይበቃል። እንዴት እንደሚመረመር እነሆ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ዓሣውን እንወቅ። ላቭራክ ብርማ፣ ረዘም ያለ፣ ጠንካራ ዓሣ ነው። እስከ 1 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ከባሕር ዳር የሚያዘው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። ክንፍና ቅርፊት ስላለው ለመብል የተፈቀደ ነው። ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ እያሳደደ ይበላል። የሚያድነውም ማዕበል ድንጋይ ላይ ሲሰበርና ውኃው አረፋ ሲሆን፣ እንዲሁም የወንዝ ውኃ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በቴል አቪቭ የያርኮን፣ በአሽዶድ የላኺሽ፣ ከናታንያ በስተ ሰሜን የአሌክሳንደር ወንዝ አፍ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ናቸው። ጊዜው ክረምት፣ ሰዓቱም ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ይመረጣል። በበጋ እኩለ ቀን፣ ባሕሩ እንደ መስተዋት ጸጥ ሲል፣ ላቭራክ ፍለጋ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

አገር ቤት ዓሣ በመረብ፣ በመንጠቆና በትል፣ አንዳንዱም ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ላይ በመበተን ይይዝ ነበር። ውኃ ውስጥ መርዝ መጨመር እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይሞከርም። ለላቭራክ ደግሞ ትልም ላያስፈልግ ይችላል። የሚሮጥና የሚያመልጥ ነገር ሲያይ ስለሚያሳድድ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠራ አስመሳይ ዓሣ ይወረወርለትና ክሩ ሲሳብ ሕይወት ያለው ይመስለዋል። እዚህ አገር ይህን ዕቃ «ድሙይ» ይሉታል፤ ትርጉሙም አስመሳይ እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማጠንጠኛው እንምጣ። አጥማጆች «ሮለር» ይሉታል። ሥራው ሸማኔ ወይም ፈታይ ክር እንደሚያጠነጥንበት ዕቃ ነው፤ ክሩን ይለቅቃል፣ መልሶም ይጠቀልላል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ክር የሚጠቀለልበት እንዝርቱ ሲወረወር የማይዞር ነው። ሁለተኛው እንዝርቱ ራሱ የሚዞር ነው። በሁለተኛው ያልለመደ ሰው ሲወረውር ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይወሳሰብበታል፤ ከባሕር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ይብስበታል። ስለዚህ ጀማሪ እንዝርቱ የማይዞረውን ይግዛ።

ሱቅ ስትገቡ «ላቭራክ ሜሃሖፍ» በሉ፤ ላቭራክ ከባሕር ዳር ለማጥመድ ማለት ነው። ይህች ሁለት ቃል ከጀልባ ዕቃ ታድናችኋለች። ከዚያ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ መጠኑን። በሮለሩ ላይ 2500፣ 3000፣ 4000፣ 6000 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ከባሕር ዳር ለላቭራክ 3000 ወይም 4000 ይስማማል። ከዚያ የሚበልጠው ይከብዳል፤ በጣም የሚያንሰው ደግሞ በቂ ክር አይዝም። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ በጥቂቱ ስለሚለያይ በቁጥር ብቻ አትመኑ። ዘንጉ ላይ አስገጥማችሁ በአንድ እጅ ያዙት። የሚይዘው ልጅ ከሆነ ልጁ ይያዘው። ሰዓት ሙሉ የሚወረወርና የሚሳብ ዕቃ ነውና ክብደቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ አዟዟሩን። እጀታውን በዝግታ አዙሩ። እንደ ተቀባ ወፍጮ ዝም ብሎ መዞር አለበት። የሚያንቋቋ ወይም የሚይዝ የሚለቅ ከሆነ ተዉት። እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ውስጡ ልል ነው። የኩሽኔታ ብዛት አያታልላችሁ። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ 4 ኩሽኔታ ያለው ሮለር፣ በግዴለሽነት ከተሠራ ባለ 12 ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ፍሬኑን። ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ጥቂት በጥቂት የሚለቅቀው መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከፊት ለፊት በሚዞር ቁልፍ ይጠብቃል፣ ይላላል። ሱቅ ውስጥ ክሩን በእጃችሁ ሳቡት። ሳይደናቀፍ በአንድ ዓይነት ፍጥነት መውጣት አለበት። ተይዞ ተይዞ ድንገት የሚለቅ ፍሬን ትልቅ ዓሣ በመጣ ቀን ክር ያስበጥሳል። ቤት ስትደርሱ 2 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ በክሩ ጫፍ አንጠልጥሉት። 10 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ፣ ጠርሙሱ ቀስ እያለ ክሩን እየሳበ እንዲወርድ አድርጋችሁ ፍሬኑን አስተካክሉ። ሚዛን መግዛት አያስፈልግም።

አራተኛ፣ ፍጥነቱን። 5.2 ለ1 የሚል ጽሑፍ ብታዩ፣ እጀታው 1 ጊዜ ሲዞር ክር ጠቅላዩ 5 ጊዜ ከትንሽ ይዞራል ማለት ነው። ከ5 እስከ 6 ያለው ለሁሉም ሥራ ይሆናል።

ስለ ክሩም ጥቂት እንበል። ሁለት ዓይነት ክር በብዛት ይሸጣል። አንዱ ናይለን ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ሲሳብ ይለጠጣል። ሌላው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ክር ነው። ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለ ሆነ አስመሳዩን ርቆ ይወስዳል፣ ዓሣው ሲነካም ወዲያው እጅ ላይ ያሳውቃል። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ቶሎ ይቆረጣል። ስለዚህ ከጫፉ 1 ሜትር ያህል ውፍረቱ 0.35 ወይም 0.40 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ይቀጠልለታል። የተጎነጎነውን ክር በባዶ ጣት ጠምጥማችሁ አትጎትቱ፤ እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ዘንጉ 2.70 ሜትር ያህል ሆኖ፣ ከ10 እስከ 40 ግራም ይወረውራል የሚል ጽሑፍ ቢኖርበት ይበቃል።

አሁን ወደ አስመሳዮቹ እንለፍ። ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ሙሉ ተሰቅሎ፣ አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ወርቃማው ዓይን ይማርካል። ብዙዎቹ ዓሣ ከሚይዙ ይልቅ ሰው ይይዛሉ። ለጀማሪ ሦስት ይበቁታል።

የመጀመሪያው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ርዝመቱ ከ11 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከአፉ በታች ምላስ የመሰለ ነገር ያለው ተንሳፋፊ ነው። ሲሳብ ምላሱ ውኃውን እየገፋ ጥቂት ያጠልቀዋል፣ ያወዛውዘዋልም። መሳብ ሲቆም ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ቦታ፣ አረፋ ውስጥ፣ እሱ ተመራጭ ነው። ድንጋይ ሊይዘው ሲል መሳባችሁን ብታቆሙ ተንሳፎ ያመልጣል፤ ገንዘባችሁም አብሮ ይድናል።

ሁለተኛው ከ20 እስከ 30 ግራም የሚመዝን ብረት ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲነፍስና ቀላሉ አስመሳይ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ብረቱ ነፋሱን ሰንጥቆ ይሄዳል። ነገር ግን ቶሎ ይሰምጣል። ውኃ እንደ ነካ ካልሳባችሁት ድንጋይ መካከል ይቀራል። ለአሸዋማና ጥልቀት ላለው ቦታ ይሆናል።

ሦስተኛው ለስላሳ ሲሊኮን ነው። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ራሱ እርሳስ በሆነ መንጠቆ ላይ ይሰካል። ጭራው ሲሳብ ይርገበገባል። ለወንዝ አፍና ለአሸዋ፣ በዝግታ ለመሳብ ጥሩ ነው። ዋጋውም ከሁሉ ይረክሳል።

ስለ ቀለም ብዙ ይባላል። አጭሩ ምክር ይህ ነው። ውኃው ጥሩ ከሆነ ጀርባው ሰማያዊ፣ ጎኑ ብርማ የሆነውን፣ ማለትም ሰርዲንና ትንሽ ቡሪ የሚመስለውን ምረጡ። ውኃው ከደፈረሰ ነጩን ወይም ደማቁን ውሰዱ። ከመሸ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለው ይሻላል፤ ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲያይ ጥላው ጎልቶ ይታየዋልና። ከቀለም ይልቅ ግን መጠኑ ይበልጣል። ባሕር ዳር ቆማችሁ ምን ያህል ዓሣ ከማዕበሉ እየሸሸ እንደሚዘል ተመልከቱ፤ የእሱን ያህል አስመሳይ ወርውሩ። ገንዘብ ካነሰም ከአስመሳዮቹ ቀንሱ እንጂ ከሮለሩ አትቀንሱ። አስመሳይ ይጠፋል፤ ሮለር ግን ከተያዘ ለልጅ ይተላለፋል።

የተያዘ ሮለር ስንል፣ ጠላቱ ጨው ነው። ከባሕር በተመለሳችሁ ቁጥር ፍሬኑን አጥብቃችሁ በቀስታ በሚወርድ የቧንቧ ውኃ አለቅልቁት። በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አድርቃችሁ ፍሬኑን አላልታችሁ አስቀምጡት። አልፎ አልፎ ጠብታ ዘይት ስጡት። አስመሳዮቹንም እጠቡ፤ መንጠቋቸው ይዝጋልና።

ውድ አድማጮች፣ አሁን የምናገረውን ልብ ብላችሁ ስሙ። በእነዚህ አስመሳዮች ላቭራክ ብቻ አይደለም የሚያዘው። ነፉኺት የሚባል፣ ሆዱን እንደ ኳስ የሚነፋ ዓሣም ይይዛቸዋል። ጀርባው ነጠብጣብ አለው፣ ጎኑ ላይ ብርማ መስመር ይታያል፣ አራት ትልልቅ ጥርሶቹ እንደ ምንቃር ገጥመዋል። ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ በኩል የመጣ ሲሆን፣ በሜዲትራንያን ባሕር መጀመሪያ የተመዘገበው በ2003 ነው። ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በእስራኤል 13 ሰዎች ይህን ዓሣ በልተው ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። ሰውነትን ያደነዝዛል፣ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ለዶሮም ለድመትም አይሰጥም። ቅርፊት የለውምና የአባቶቻችንን ሕግ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ አደጋ በቀላሉ ይድናል። «ይህ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት አለውን?» ብላችሁ ልጆቻችሁን አስጠይቁ። የማታውቁትን ዓሣ በእጃችሁ አትንኩ፤ መርዛም እሾህ ያላቸውም አሉ። የሲሊኮኑ ጭራ ደጋግሞ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ከመጣም ነፉኺት አካባቢው አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሲሊኮኑን አንሥታችሁ በብረቱ ወይም በጠንካራው ፕላስቲክ ለውጡ፣ ወይም ቦታ ቀይሩ።

አምባዛም እንዲሁ ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ያለው አምባዛ ኪኔሬት ውስጥም ይኖራል። መርዝ ባይኖረውም ቅርፊት የለውምና ለእኛ አይሆንም። ስለዚህ አዲሱ አገር ያመጣብን እንግዳ ነገር ሁሉ አይደለም፤ የምናውቀውም አለ።

ላቭራኩ ራሱም ቢሆን የጀርባው እሾህና የጉንጩ ክዳን ስለታም ነው። ከታችኛው መንጋጋው ያዙት። ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎች ደግሞ ለሕፃናት አደገኛ ናቸው። ክዳን ባለው ሳጥን ይቀመጡ። መንጠቆው ላይ ያለችውን ትንሿን ተቃራኒ ሹል በጉጠት ጨፍልቋት፤ ሥጋ ውስጥ ቢገባ በቀላሉ ይወጣል። ያልተጨፈለቀ መንጠቆ እጅ ውስጥ ከገባ በጉልበት አትንቀሉት፤ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን ማዕበሉን ፍሩ። ላቭራክ አረፋ ይወዳል ብያለሁ፤ አረፋው ባለበት ደግሞ ሰው ይወሰዳል። ድንጋይ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። ትልቁ ማዕበል የደረሰበትን እርጥብ ቦታ አትርገጡ። ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። ብቻችሁን አትሂዱ። ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ዓሣ ቢያመልጥ ነገ ሌላ አለ። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለትና 101 ወይም 100 ደውሉ። ማጥመድ የተከለከለባቸው ወደቦችና የተጠበቁ ቦታዎች አሉና የተለጠፈውን ጽሑፍ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ስለሚፈቀደው የዓሣ ርዝመትና ጊዜም የግብርና ሚኒስቴር የዓሣ ሀብት ክፍልን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያን ማጠንጠኛ የመረጡልን አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጄ አድጎ የራሱን ልጅ ይዞ ባሕር ይወርዳል። አዲስ ሮለር ሲገዛ ግን አሁንም ወደ ጆሮው አስጠግቶ አንድ ጊዜ ያዞረዋል። ማን እንዳስተማረው ልጁ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይነግረዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሱቅ ሲወስዷችሁ ወደ ኋላ አትቅሩ። ዕቃውን ተቀበሉ፣ አዙሩት፣ አዳምጡት፣ ጠይቁ። ልጅ ቃሉን ይተርጉም፤ አባትና እናት ደግሞ የሚያውቁትን ያስተምሩ።

ለዛሬ በዚሁ እናበቃለን። ባሕሩ ጸጥ ይበልላችሁ፣ ያሰባችሁት ይሙላላችሁ። ቸር ያገናኘን። ሻሎም።